አሜን ያልኩበት ብሎን

የሌሊት ሠራተኛ ነኝና ሌሊቴ ቀን ነው። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ሰክቻለሁ፤ ብርሃኑ ግን በጎን ሾልኮ ግድግዳው ላይ ይጋደማል፣ ከእኔ ይልቅ ተመችቶት። ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ወለሏን በማሽን እየጠረገች ነው፣ በየቀኑ ትጠርጋለች፣ ብቻዋን ሆና ምን እንደምታቆሽሸው እንጃላት፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ማሽኑ ወደ አልጋዬ ሲመጣና ሲርቅ እከታተላለሁ፣ ሲርቅ እታለም ትመጣብኛለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ስትስቅ ሠፈር የሚሰማት ሴት ነበረች፣ ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷን ካጣች ወዲህ ግን በእጇ ጀርባ ከልላ ነው የምትስቀው፣ በስልክ ስታወራኝ እንኳን፣ ማንም ሳያያት እንኳን፣ ድምፅዋ ስለሚታፈን እጇ የት እንዳለ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ መሳቁንም ትታዋለች። ድዷ አብጧል፣ ይመግላል፣ ያንን ያመጣው እኔ ከሰው አገር የላክሁላት ብሎን ነው። ዛሬ ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አላት፣ ድዷን ከፍቶ ብሎኑን እዚያው እንዳለ አጥቦ ሊያቆየው ነው፣ ይድን ይሆናል ብሎ። ለምን እንዳመገለ አያውቅማ። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ፣ አውቄም ነው እዚህ የተጋደምኩት።

ብሎን ስል የበር ብሎን አይደለም። ከታይታኒየም የሚቀረጽ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ገብታ የጥርስ ሥር የምትሆን ነገር ናት። ከመቅረጫው ማሽን ስትወጣ ታብለጨልጫለች፣ እኛ ክፍል ስትደርስ መጀመሪያ የምናደርገው ያንን ማብለጭለጭ መግፈፍ ነው፣ በአሸዋ እንመታታለን፣ አሲድ ውስጥ እንነክራታለን፣ እናጥባታለን፣ እንደገና እናጥባታለን፣ ግራጫና ሻካራ ሆና ትወጣለች፣ አጥንት ልሙጥ ነገር አይጨብጥምና። ችግሩ አጥንት የሚወደውን ሻካራ ባክቴሪያም ይወደዋል። ሥራ ስጀምር ያሠለጠነችኝ ሴትዮ፣ ነገር ሁሉ በወንበርና በጠረጴዛ የሚገባት የምትመስል፣ ወንበሩ አንድ ነው አለችኝ፣ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበታል፣ አጥንት ከቀደመ አጥንት፣ ባክቴሪያ ከቀደመ ባክቴሪያ፣ እሱ ደግሞ ተቀምጦ ዝም አይልም፣ ልጋግ መሳይ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አንቲባዮቲክ ቢዋጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ስስ ቅብ እንቀባታለን፣ ባክቴሪያ ሲጠጋ የሚገድል፤ ኃይሉ ለመጀመሪያው ሰሞን ብቻ ነው፣ አጥንቱ እስኪደርስ ወንበሩን ይጠብቃል። ጣት ከነካት ግን የጣት ወዝ ቅቡን ይደፍነዋል። ብትቀቀል ጀርሙ ይሞታል እንጂ ወዙ አይለቅም። ይህን ሁሉ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም የማስረዳው እኔ ነኝ።

እኛ ክፍል ጓንት በጓንት ላይ ይደረጋል፣ ያም ሆኖ ብሎኗ የምትያዘው በወረንጦ ነው። ጓንት እንኳን ከነካት፣ የነካው ሰው ጮክ ብሎ «ነካሁ» ማለት አለበት። ብሎኗ ትጣላለች፣ አለቀ፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አጠገቤ የሚሠራው ረጅሙ ሰውዬ በአንድ ፈረቃ ደጋግሞ ነካሁ ይላል፣ ከዚያ ሄዶ ዳቦውን ገምጦ እየሳቀ ይበላል፣ እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ይሄ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም እንዴ አልኩ በሆዴ። ይቆጡኛል ብዬ አይደለም የምፈራው፣ የሚቆጣ የለም፣ የሚቆጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፣ ቁጣን አውቀዋለሁ። ነካሁ ስል ጆሮዬ ይግላል። እላለሁ፣ ግን ከጉሮሮዬ በታች ነው የምለው፣ ሰውዬው ምን አልክ ብሎ ያስደግመኛል፣ ስደግመው እጥፍ አፍራለሁ። እኛ ቤት ጥፋት የሚነገረው ሌላ ሰው ካየው ነው፣ ያላየውን ማን ይነግረዋል።

አለቃችን ለቤተሰብ ከሆነ ብሎ አንዷን እንድገዛ ፈቀደልኝ። እዚያ ያለው ሐኪም ለዚህች ዓይነቷ የሚሆን መሣሪያ እንዳለው አስቀድሜ አስጠይቄያለሁ፣ ልኩን አስልኬያለሁ፣ ወደ አገር ቤት የምትሄደውን መንገደኛም ሌላ ዕቃ እንዳይጫንበት አደራ ብያለሁ፣ በሁሉም ነገር ጠንቃቃ ነበርኩ፣ ያ ጥንቃቄ ነው አሁን ሲታወሰኝ ፊቴን በትራስ የሚያስሸፍነኝ። ደረሰ ወይ እያልኩ ስንቴ ደውያለሁ፣ አንዴ እንኳን እንዳትከፍቱት አላልኩም። ቃሉ አፌ ላይ ይደርሳል፣ እመልሰዋለሁ። ምን ልበላት? እጅሽ ያቆሽሸዋል ልበላት? ገላዬን ያጠበችውን እጅ፣ ትኩሳቴን ግንባሬ ላይ የለካችበትን እጅ? ደግሞ ሰው ይሰማል፣ ውጭ አገር ሄዶ ወገኑን ተጸየፈ ይባላል፣ እንዲህ ሆነው ነው የሚቀሩት ይባላል። ስለዚህ ስለ አየሩ ጠየቅኳት፣ ስለ ጎረቤቷ ጉልበት ጠየቅኳት፣ ቻው ቻው ተባብለን ዘጋን።

ዕቃው የደረሰ ዕለት ስልኩ ይጮኻል። በቪዲዮ ነው፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ስልኩን ከብርጭቆ ጋር አስደግፈውታል። ታላቁ አጎታችን መሐል ተቀምጧል፣ በቀኙ ጉልበቷን የምታመው ጎረቤት፣ በግራው የእታለም ባል። እሽጉ ተቀዷል፣ ብሎኗ ያለችበት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዕቃህ ይኸው ደረሰልህ ትላለች እታለም። አጎቴ ክዳኑን ይጠመዝዛል፣ ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፣ ብሎኗ መዳፉ ላይ ዱብ ትላለች፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣታል፣ አቧራ መስሎት እፍ ይልባታል፣ ግራጫነቷ ቅር አሰኝቶት በኮቱ ጫፍ ይወለውላታል፣ እኛ ስንገፍፈው ያደርነውን ማብለጭለጭ ሊመልስላት። አንተ ነህ የሠራኸው ይለኛል፣ አዎ ጋሼ እላለሁ፣ በእጅህ ይለኛል፣ በእጄ እላለሁ። ውሸት ነው፣ እጄ ነክቷት አያውቅም፣ ግን በወረንጦ ቢባል ምን ደስ ይላል። ይስማታል። ለጎረቤቷ ያቀብላታል፣ ጎረቤቷ ስማት ጉንጯ ላይ ታስነካታለች፣ ለባልየው ታቀብላለች፣ ባልየው ጥንካሬዋን ሊፈትሽ ጥርሱ ላይ ቋ ቋ ያደርጋታል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ እታለምም ትስቃለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ እኔ አለሁ። አፌ ተከፍቷል፣ በስልኩ ማዕዘን ባለችው ትንሿ ምስል ውስጥ አፌ ተከፍቶ ይታየኛል። እጅህ ይባረክ፣ የነካኸው ይለምልም ይላል አጎቴ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል፣ ይጠብቃሉ። አሜን አልኩ። ሰው ሲመርቅህ ሌላ ምን ይባላል፣ አሜን አልኩ።

ሐኪሙ ይቀቅላታል አልኩ ከዚያ በኋላ ለራሴ፣ ወዙ እንደማይለቅ እያወቅኩ። እሽጉ ተቀዶ ብልቃጡ ባዶ ሆኖ ሲያይ ይጠይቃል፣ ይጥላታል፣ ሌላ እልካለሁ፣ ነገሩ ከሌላ ሰው አፍ ይውጣ እንጂ ከእኔ አይውጣ ብዬ ጠበቅኩ። ተተከለ አለችኝ። ተተከለ ስትለኝ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ይህን ለማን ይናገሩታል፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፣ ጎረቤት ሁሉ አፏን ሊያይ እየመጣ ነው አለችኝ፣ እኔም በየሌሊቱ አሲዱ ፊት ቆሜ ፈገግ እል ነበር። ከዚያ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል አለች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ባሏ ነው የነገረኝ፣ ፊቷ በአንድ ወገን ማበጡን፣ ትራሷ ላይ መግል መገኘቱን። ስደውልላት ምክንያቱን ሁሉ ራሷ ደርድራ ትጠብቀኛለች፣ ዕድሜ ነው፣ ስኳር ይኖርብኝ ይሆናል፣ የሰው ዓይን ነው፣ ሰውነቴ ነው እምቢ ያለው፣ አንተ ምን አጠፋህ፣ ለአለቆችህ እንዳትነግር ደግሞ፣ ዕቃችንን ሰደበ ብለው ያባርሩሃል። እኔም ይሆናል እላለሁ። ይሆናል! ታማሚዋ እኔን ስታጽናና እኔ ይሆናል እላለሁ፣ ስኳርሽንም ታዪው አልኳት አንድ ቀን፣ ሄዳ ደም ሰጥታ ተመረመረች፣ የለብሽም አሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የደበቀው በሽተኛው ካልሆነስ?

በቀደም ጠዋት ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ የራሳችንን ፋብሪካ የደንበኞች ስልክ ደወልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ። የሚያነሣው ማሽን ነው፣ ሐኪም ከሆኑ አንድን ይጫኑ፣ ታካሚ ከሆኑ ሁለትን፣ ሌላ ከሆኑ ሦስትን፣ እኔ ምን እንደሆንኩ ሳስብ ማሽኑ ደገመው፣ ሦስትን ተጫንኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ አንዲት ወጣት መጣች፣ ለስላሳ ድምፅ፣ የተተከለ ብሎን አመገለ አልኳት፣ እሽጉ ሳይከፈት ነው ወይ ሐኪሙ እጅ የደረሰው ጌታዬ? አለችኝ። ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ፣ ስሜን እንኳን ሳትጠይቀኝ።  ጌታዬ፣ አሉ? አለች። የለሁም ልላት ምንም አልቀረኝም። ዘጋሁትና አውቶቡሱ ሲመጣ ሳልሳፈር አለፈኝ።

የላይኛው ፎቅ ማሽን ጸጥ አለ። ሴትዮዋ መጥረጓን ጨርሳለች፣ አሁን ይተኛል ስል ስልኩ ከትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ እታለም ናት። ሐኪሙ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራዋን እየጠበቀች ነው፣ ፈርታለች፣ ፈራሁ አትልም፣ ከፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ጉንጭ እንደ ሎሚ አብጧል፣ እኔ እሻላለሁ ትላለች። ባሏ ለምን አልመጣም አልኳት፣ ሥራ አለው አለች። ብቻዋን ናት። ብርድ ልብሱን ገፍቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬ ቀዝቃዛውን ወለል ነካ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«አላመመኝም። ያኔ ብልቃጡን የከፈታችሁት ቀን፣ ብሎኗ መነካት አልነበረባትም። በእጅ ከተነካች ትበላሻለች። ያመገለውም በዚያ ነው። አውቅ ነበር።»

 ከበስተኋላዋ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ሲነኩት እያየህ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

አጎቴን አልኳት፣ ሁላችሁንም አልኳት፣ ትልቅ ሰው መርቆኝ እንዴት ጣለው እለዋለሁ አልኳት፣ ቃሉ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተሰማኝ፣ ለዚህ ነው እንዴ፣ ለዚህች ነው? ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ትስደበኝ ብዬ ለመንኩ በሆዴ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሰውዬ እንዳይሰማት መሰለኝ፣ የራሷን ነገረችኝ። ሐኪሙ ሊተክል ሲል ጠይቋት ነበር። የውጭ እሽጉን ጉምሩክ ቀደደው እንጂ ውስጡን ማንም አልነካውም አለችው።

«ውሃው መፍሰሱን ሳይ ደነገጥኩ። አፍልቼ አቀዘቀዝኩና ሞላሁበት፣ ክዳኑን ጥብቅ አደረግኩት። ሐኪሙ የወንድሟ ቤተሰብ ምንም የማያውቅ ነው እንዳይል ብዬ። በአንተ እንዳይስቅ።»

አፍልታ። አቀዝቅዛ። በዚያ ጠባብ አንገት ውሃውን በምን እንዳንቆረቆረችው አሰብኩ፣ እጇ ሳይነካው ምን ያህል እንደተጠነቀቀች። እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ፣ አንዱን ነገር በሁለት ወገን ሸፍነን ይዘናል፣ መሐል ላይ ያለው አጥንቷ ነው የሚበላው። አሁን ማልቀስ የእኔ ተራ አይደለም። ዛሬ አጥቦ ካቆየው አጥንትሽን እየበላ ይቀጥላል፣ መውጣት አለበት፣ ንገሪው አልኳት። ዋሽቼዋለሁ፣ አሁን ዓይኑን አላየውም፣ አንተ ንገረው አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ከራሷ አስቀድማ እሱን ማሰቧ አይገርምም፣ አጎታችን ትዝ አላት።

«እሱ በእኔ ነው ብሎ ካወቀ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲረግም ነው የሚውለው። ምን ልበለው?»

«ብሎኑ ሲሠራ ተበላሽቶ ነበር በይው። ወንድሜ ነው ያበላሸው በይው።»

«ስምህ ይጠፋል እኮ።»

«ይጥፋ።»

ኧረ ተው ልትል ጀምራ ስሟን ጠሩት። ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠችው።

ማን ልበል አለ። ወንድሟ ነኝ፣ ብሎኗ የምትቀባበት ክፍል ነው የምሠራው አልኩት፣ ከዚያ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ እፍታውን፣ ኮቱን፣ ከንፈሩን፣ ጥርሱን፣ የፈላውን ውሃም፣ እሷ አንተ እንዳትስቅብኝ ብላ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልተቆጣም። በባዶ እጅ አለ፣ በባዶ እጅ አልኩ። መቼ ነው ያወቅከው አለኝ፣ የዚያኑ ቀን አልኩት። ያኔ ብትነግረኝ ሳልተክለው እንመልሰው ነበር አለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደሚነግር ሰው። እንግዲህ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ አለ። ስልኩ እንዳይዘጋ እታለም ለምናዋለች መሰለኝ፣ የሆነ ቦታ አስቀመጡት፣ ጓንት ሲለጠጥ ሰማሁ፣ ማደንዘዣው ይወጋሻል ሲላት ሰማሁ፣ ከዚያ የዕቃ መጋጨት፣ የምራቅ መምጠጫው ጉርጉርታ፣ አንዲት ጊዜ ደግሞ የእሷ ድምፅ፣ ቃል ያልሆነ። ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ግንባሬ መስኮቱ ላይ የሰካሁትን ብርድ ልብስ ተደግፏል።

«ወጣ» አለ ሐኪሙ። «መሣሪያም አላስፈለገው፤ በጣቴ ዞረልኝ።»

አጥንት ጨብጦ የያዘው ብሎን በጣት አይዞርም። በቁልፍ ታግለው፣ አንዳንዴም አጥንቱን ቦርቡረው ነው የሚያወጡት፣ ይህንንም ለአዲስ ሠራተኛ የማስረዳው እኔ ነኝ። አንዲት ቀን እንኳን አልያዘላትም ነበር ማለት ነው። ጎረቤት አፏን ሊያይ ሲመጣም፣ እኔ አሲዱ ፊት ፈገግ ስልም። አጥንቱስ አልኩት። ከፊት በኩል የተበላ አለ፣ ያ አይመለስም፣ በሌላ አጥንት ሞልተን፣ እስኪድን ጠብቀን፣ ከዚያ እንደገና እንሞክራለን አለ። ከዘገየን ግን የሚተከልበትም አይተርፍም ነበር አለ፣ እያጽናናኝ ይሁን እየከሰሰኝ አልገባኝም። አፏን በጥጥ ሞልቼዋለሁ፣ ጥጡን ነክሳ መቆየት ስላለባት መናገር አትችልም፣ የምትላት ነገር ካለ ጆሮዋ ላይ ላድርግላት አለኝ። አድርግላት አልኩት።

ይቅርታ አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ቃል ለእሷ ጨርሼው አላውቅም፣ ብርጭቆ ስሰብርም፣ ማታ ሳመሽባትም፣ አገር ጥዬባት ስሄድም፣ ይቅ ስል ምን አድርገህ የኔ ጌታ ብላ ታቋርጠኛለች፣ እኔም ተቋርጬ እቀራለሁ፣ ተምሬውም ነበር፣ ጀምሬላት ዝም ማለቱን። አሁን አላቋረጠችኝም። በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ይቅርታ እታለም አልኩ እንደገና፣ ጠበቅኩም፣ ከልማድ፣ ምን አድርገህ እስክትለኝ። አፏ በጥጥ ተሞልቷል።